ጨርጨርን በማደሪያ መቁጠር

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ በራሱ መኪና ለመሄድ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነዳጁም፣ ስንቁም፣ የመነሻው ሰዓትም የሚወሰነው በእርሱ ነውና። ነገር ግን ይህን ብቻ ጠይቆ የተነሣ መንገደኛ ምዕራብ ሐረርጌን በመስኮት አይቶ ያልፋታል። ሚኤሶ ላይ ውሃ ይገዛል፤ ጭሮ ላይ ምሳውን ይበላል፤ ሂርና ላይ ጥቂት ያዘግማል፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ ቁልቢ ነው። የድሮ መንገደኛ ግን እንዲህ አይጠይቅም ነበር። እርሱ የሚጠይቀው «ስንት ማደሪያ ነው?» ብሎ ነበር።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በሰዓት የሚቆጥር ሰው የሚያስበው መድረሻውን ነው፤ በማደሪያ የሚቆጥር ግን በመካከል ያለውን አገር አንድ በአንድ ማወቅ ግድ ይለዋል። የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ደግሞ አብዛኞቹ የመንገድ ልጆች ናቸው። አንዱ የበቅሎ ጭነት የሚራገፍበት፣ አንዱ ባቡር የሚቆምበት፣ አንዱ ካሚዮን ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚያድርበት ሆኖ አድጓል። መንገዱ በተለወጠ ቁጥርም አንዱ ከተማ ሲነሣ ሌላው ተቀዛቅዟል። ስለዚህ ወደዚያ አገር ለሽርሽር የሚሰናዳ ሰው አንድ ሳይሆን ሦስት መንገዶች እላይ በላይ እንደተነጠፉ አስቀድሞ ቢያውቅ ጉዞው ሌላ መልክ ይይዝለታል፤ የበቅሎው፣ የባቡሩና የመኪናው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ለዚህ ምክንያት ሆኗል። ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ቦርደዴንና አሰቦትን እያለፈ፣ ግራርና ግመል እያሳየ፣ ቆላ ለቆላ ሚኤሶ ይደርሳል። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ መንገዱ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል፤ ብዙም ሳይርቅ ከ1800 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ጭሮ ትገኛለች። ከጭሮ በኋላ ወደ አርበረከቴ ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ መስኮት ከፍቶ የመጣ ሰው ይዘጋል። የጨርጨር ተራሮች በስተ ሰሜን በአፋርና በኢሳ ቆላ፣ በስተ ደቡብ ወደ ዋቢ ሸበሌ በሚወርደው ደረቅ አገር የተከበቡ ናቸው። በበረሃ መካከል የቆመ የደጋ ደሴት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከሸዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሁሉ ይህን ደሴት ወይ መውጣት ወይ መዞር ነበረበት፤ የአካባቢው ታሪክ ትልቁ ክፍልም በዚህ ምርጫ ዙሪያ የተሠራ ነው።

የበቅሎ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ መውጣቱን ይመርጥ ነበር። ደጋው ዳገትና ቁልቁለት ቢበዛበትም ውሃ፣ ሣርና ገበያ አለው። በ1879 ዓ.ም. በሚያዝያ ማለቂያ ላይ ከእንጦጦ የተነሣ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴም በዚሁ መንገድ ሐረር ገብቷል። አርተር ራምቦ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በግጥሙ ቢሆንም እርሱ ግጥም መጻፍ ከተወ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር፤ በዚያን ወቅት የሚያስጨንቀው ለንጉሥ ምኒልክ የሸጠው ጠመንጃ ዋጋ ነው። ምኒልክ ገንዘቡን በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረርን የተሾሙት መኮንን እንዲከፍሉት ወረቀት ጻፉለት። ዡል ቦሬሊ ከሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ተጓዥ ጋር ሦስት ሳምንት ያህል ሲጓዝ የየዕለቱን ማደሪያ መዝግቦ ያዘ፤ ዝርዝሩም በዚያው ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ታተመ። ሂርና፣ ቡርቃ፣ ጨለንቆ ከነስማቸው በዝርዝሩ አሉ። ዛሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነድቶ የሚያልቀው መንገድ ለእርሱ የቀናት ጉዳይ ነበር።

ይህ ግን የጀብዱ ታሪክ ብቻ አይደለም። ራምቦ ያለፈበት መንገድ ሊከፈት የቻለው ጦር ስለ ቀደመው ነው። የጨርጨር ባለቤት የኢቱ ኦሮሞ ነው። በበዴሳ አቅራቢያ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ የገዳ ሸንጎ የሚሰበሰብበትና ሕግ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ጭሮ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። የምኒልክ ጦር የኢቱን አገር የያዘው ሐረርን ከመያዙ በፊት ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ጨለንቆ ላይ የሐረር አሚር አብዱላሂ ጦር ተሸነፈ። ራምቦ በዚያ ሜዳ ሲያልፍ ጦርነቱ ከተደረገ ገና ግማሽ ዓመት አልሞላም። በጨርጨር ደጃዝማች ወልደ ገብርኤል ተሹመው ወታደሩ በየማደሪያው ሰፍሮ ነበር። ሰፈሩ ገበያ ሆነ፤ ገበያው ከተማ ሆነ፤ ለወታደሩ ቀለብ የሚያቀርበው የኢቱ ገበሬ ደግሞ ገባር ሆነ። በአንዳንዱ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ፣ ገበያውና መስጊዱ ከግርጌው ሆነው የሚያይ መንገደኛ ይህን ታሪክ በዓይኑ እያነበበ ነው። የአገሩ ሽማግሌ የሚነግረው ታሪክ በትምህርት ቤት ከተማርነው ይለያል፤ ቆም ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ባቡሩ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል የተጀመረው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲመጣ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራ መውጣቱ ግን ወጪው ከበደ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋ የምትባል ከተማም ተወለደች። ከዚያ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥልም ያንኑ ፈሊጥ ያዘ። የጨርጨርን ደጋ ሳይነካ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል በረሃውን ተከትሎ 1909 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ገባ። የደጋው ቡና እስከ ትናንት በበቅሎ ጀርባ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር፤ አሁን ቁልቁል ወርዶ ጣቢያ ላይ መጠበቅ ሆነበት። ገለምሶን የመሳሰሉ የውስጥ ገበያዎች ከዋናው መስመር ሲርቁ ሙቀትና ትንኝ የሚበዛባት ሚኤሶ የጨርጨር በር ሆነች።

ሚኤሶ ሌላም ነገር አይታለች። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ሲታወጅ እርሳቸው ሐረር ነበሩ። ጦር ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ ሚኤሶ ላይ ከመሐል አገር የተላከው ጦር ገጥሞ መለሳቸው፤ ወደ አፋር በረሃም ወረዱ። ተይዘው በፍቼ ከታሰሩና በ1924 ዓ.ም. ካመለጡ በኋላ እንደገና ሲያዙ የታሰሩት ደግሞ ከዚሁ የተራራ ሰንሰለት በስተ ምሥራቅ፣ ጋራ ሙለታ ላይ ነው። በ1928 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። የአንድ ንጉሥ ውድቀት መጀመሪያውና መጨረሻው በአንድ መንገድ ላይ መገናኘቱ ያስገርማል።

አሁን ወደ አሰበ ተፈሪ እንምጣ። የቦታው ስም ጭሮ ነው፤ ዛሬም ካርታው የሚጽፈው ይህንኑ ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም የወጣው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ነው፤ ተፈሪ አሰበ ማለት ነው። አሳቡን በቦታው ላይ ሆነው የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። በ1910ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን ያስተዳደሩትና ከተማይቱን በመቆርቆር ስማቸው የሚነሣው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሰውዬው ተራ ሹም አልነበሩም። በራስ መኮንን ቤት አድገው፣ በልጅነታቸው አድዋን አይተው፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የተመለሱ ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር የጻፉ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወክለው የተከራከሩ ሰው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል፤ ወደ ጨርጨር የሚሄድ ሰው ስንቁ ላይ ይህን መጽሐፍ ቢጨምር አይከስርም።

ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ጨርጨር ለአርአያነት የተመረጠ አውራጃ ሆነ። አሰቡም ሹማምንት ከገባር እየቀለቡ ከሚኖሩ በደመወዝ እንዲያድሩ፣ ግብርም በሥርዓት ተመዝግቦ እንዲሰበሰብ ነበር። ይህን እንዲፈጽሙ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። የእኚህ ሰው ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አድገው ሐኪም ሆኑ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ቤተ ዘመዳቸውን አገኙ። አሰበ ተፈሪ ሲሾሙ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፎ ነበር። ከሥራቸው ሁሉ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው መንገድ ማስጠረጋቸው ነው። ደጋው ከሐዲዱ ካልተገናኘ አርአያነቱ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ገብቷቸዋል። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ፤ ጦርነቱም እዚያው እያሉ መጣ። ኢንጂነሮች የነበሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ከየካቲት 12ቱ እልቂት ጋር በጣልያን እጅ ተገደሉ።

አርአያው አውራጃ ምን ያህል ተሳካ? በዚህ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ጨርጨር የተመረጠው ለሐዲዱ ቅርብ፣ ለቡና ግብር ምቹ በመሆኑም ጭምር ነው የሚል ነው። ለኢቱ ገበሬ ለውጡ ከላይ የመጣ ነበር፤ መሬቱን አልመለሰለትም። ቢሆንም በኢትዮጵያ ምድር ሹም ደመወዝ ይብላ የሚለው አሳብ ከተሞከረባቸው ከቀዳሚዎቹ ቦታዎች አንዱ ይህ ኮረብታ መሆኑን አውቆ ማለፍና ሳያውቁ ማለፍ አንድ አይደለም።

ጣልያን ሲገባ የከተማይቱን ስም አስባ ሊቶሪያ አለው። «አሰበ» ቀረች፤ «ተፈሪ» ወጥቶ በምትኩ የፋሺስት ምልክት ገባ። በአካባቢው ከፑልያ አውራጃ ገበሬ አምጥቶ ለማስፈር «ፑልያ ዲ ኤቲዮፒያ» የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ የመጣው ሰፋሪ ግን ከታለመው እጅግ ያነሰ ነው። ጣልያን ለወታደሩና ለካሚዮኑ ሲል መንገድ አጥብቆ ሠራ፤ የደጋው መስመር እንደገና ዋና መንገድ የሆነውም ያኔ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ይኸው መንገድ በጣልያን ላይ ዞረበት። ሐረርን የያዘው የእንግሊዝ ጦር በጨርጨርና በሚኤሶ በኩል ገሥግሦ፣ የፈረሰውን የአዋሽ ድልድይ ተሻግሮ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ጣልያን ሄደ፤ ቋንቋው ግን መኪናው ውስጥ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ስኮርታ፣ ካቻቢቴ ስንል ማን አስተማረን? አርበረከቴ ዳገት ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ክሪክና ስኮርታ ሲያወርድ ሳያውቀው ጣልያንኛ እየተናገረ ነው። ሌላም የተረሳ ነገር አለ። እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ በኢትዮጵያ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። በጨርጨር ጠመዝማዛ ላይ፣ አንዱ ወገን ገደል በሆነበት መንገድ፣ የዚያ ሳምንት ሹፌሮች እንዴት እንደነዱ ማሰብ በራሱ ላብ ያስወጣል።

1969 ዓ.ም. ላይ የሶማሊያ ጦር ሲወር የበረሃው ሐዲድ ድልድዮቹ እየተመቱ ተቋረጠ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርና ድሬዳዋ ተከበቡ። ከመሐል አገር የሚላከው ሠራዊትና ስንቅ በየብስ የሚተማመነው በዚሁ ተራራ መንገድ ላይ ሆነ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል እስኪገኝ ድረስ የአሰበ ተፈሪ መንገድ የምሥራቁ ግንባር እስትንፋስ ነበር ማለት ይቻላል። በየደጋው መንደር ያለፈው ጭንቅ ደግሞ ገና በቅጡ አልተጻፈም።

እንግዲህ ይህን የያዘ ሰው ጉዞውን እንዴት ያቅድ? ከአዲስ አበባ ጭሮ 326 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ አዳማ ያለው ፈጣን መንገድ ያታልላል፤ ከአዋሽ በኋላ ያለውን በዚያ ሂሳብ ማስላት አይገባም። ማለዳ ተነሥቶ ሚኤሶ ላይ ከአሮጌው የባቡር መስመር አጠገብ ጥቂት መቆም፣ ጭሮም ፀሐይ ሳይጠልቅ ገብቶ ማደር ነው። በሌሊት መንዳት በዚህ መንገድ አይመከርም፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ሲበሩ ለማንም አይመለሱም። ከመነሣት በፊትም የአካባቢውን ሰላም ከዚያው ካሉ ሰዎች መጠየቅ የግድ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን መንገዱም አልጋውም ይሞላል፤ ግርግሩን የሚወድ ይሂድ፣ የማይወድ ይቆይ። አሰቦት ሲደርሱ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የሚታየው ተራራ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም፣ ደብረ ወገግ ነው።

ሁለተኛው ቀን ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ደቡብ መታጠፍ አለበት። አብዛኛው ሰው የሚስተው ይህን ነው። ከጭሮ ወደ ኩኒ፣ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ የሚወስደው መንገድ የድሮውን የበቅሎ አገር ያሳያል። በኩኒና በሙክታር ተራሮች ላይ በ1982 ዓ.ም. የደጋ አጋዘን መጠለያ ተከልሎ ነበር። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ምስሉ የተቀረጸው እርሱ ነው። ከባሌና ከአርሲ ዘመዶቹ በቆላ ተለይቶ በጥቂት ጫካ ውስጥ የቀረ፣ የደሴት እንስሳ ነው። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ማግሥት ጥበቃው ፈረሰ፤ ደኑም ተመታ። እንስሳውን አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ባያየው አይዘን፤ የቀረውን ደን ማየት ራሱ ይበቃል።

ገለምሶ ለማደሪያ ትመቻለች። ጠዋት ከቡና ገለፈት በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጥቶ ጊዜ ያለው ሰው ወደ መቻራ ይቀጥላል። የመቻራ ዋሻዎች በቱሪስት ዝና ሶፍ ዑመርን አይስተካከሉም። ለሳይንስ ግን ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ከጣሪያቸው በሚንጠባጠብ ውሃ የሚያድጉት የድንጋይ ዓምዶች እንደ ዛፍ ቀለበት የዓመታቱን ዝናብ መዝግበው ይይዛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በእነዚሁ ዓምዶች የሺህ ዓመታት የአየር ጠባይ አንብበዋል።

ከዚያ ወደ ጭሮ ተመልሶ አርበረከቴን፣ ሂርናን፣ ቆቦን እያለፉ ጨለንቆ መድረስ ነው። ቸኩሎ የሄደው ጓደኛችን በዚህ ጊዜ ሐረር ገብቶ፣ አድሮ፣ ሳይመለስም አይቀርም።

ይህን ጉዞ ለነገ ማሳደር የማይመከርበት ሌላ ምክንያት አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ አሮጌው ሁሉ ጨርጨርን ከታች አልፎት ሄዷል። ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋም በቆላው በኩል ፈጣን መንገድ ለመሥራት ዕቅድ ተይዟል። ያ ሲያልቅ የከባድ መኪናው ሹፌር አርበረከቴን የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም። በሹፌር ምሳ፣ በጎማ ጥገናና በአልጋ ኪራይ የሚተዳደሩት የመንገድ ዳር ከተሞች ምን ይሆናሉ? አፍደምን የሚያውቅ ሰው ሊገምት ይችላል፤ ባቡር በነበረ ጊዜ ጣቢያዋ ነጋዴ የማይታጣበት ነበር። ጭሮ የዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም ይዛለች፤ ትሰነብት ይሆናል። ሂርናና ቆቦ ግን ዛሬም የሚኖሩት ከሚቆምላቸው መኪና ነው።